«አታሟርቱ» ስንል ያለፉብን ሳምንታት

አባባን በጉበት ካንሰር ያጣናቸው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ቤታችን ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ዘመድ ጎረቤቱ የሚለውን እየሰማን ብዙ ተሳስተናል። ሽማግሌ ወላጅ የሚያስታምም ሰው እንዳይደግመው ብዬ አንድ በአንድ ልጻፈው።

«አዲስ አበባ ካልወሰዳችኋቸው ምኑን ልጅ ሆናችሁ?»

ከሁሉም የጎዳን ይሄ ነው። እዚሁ ያያቸው ሐኪም በሽታው መሰራጨቱን፣ የሚያድናቸው ሕክምና እንደሌለ በግልጽ ነግሮናል። እኛ ግን የእናቴን የወርቅ አምባር ሸጠን፣ መኪና ተኮናትረን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወሰድናቸው። እዚያም የተነገረን ያው ነው። ብሩ በምርመራ፣ በአልጋና በአስታማሚ ማደሪያ አለቀ። ስንመለስ አዋሽ ላይ አረፍ ስንል፣ ራሳቸውን ጭኔ ላይ እንዳስደገፉ «እኔን ጠይቃችሁኝ ነበር?» አሉኝ።

ከመነሳታችን በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ነበረብን፦ ሕክምናው ያድናል ወይስ ያስታግሳል? ምን ያህል ያሠቃያቸዋል? በጠቅላላው ስንት ይፈጃል? ማስታገስ ደግሞ ሰውን መተው አይደለም። ህመሙን፣ ማቅለሽለሹን፣ የትንፋሽ ማጠሩን ማከም ራሱ ሕክምና ነው።

«ጤና መድህንም እድርም አለን»

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚጠቅመው የሪፈር ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ሲሄዱ ነው፤ የአስታማሚ ማደሪያ አይከፍልም። እድር በአብዛኛው የሚደርሰው ለቀብር ነው።

«ለበሽተኛው አይነገርም፣ ሟርት ነው»

አባባ ያውቁ ነበር። እኛን ላለማስጨነቅ ዝም አሉ፣ እኛም እሳቸውን ላለማስጨነቅ ዝም አልን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። አእምሯቸው እስካልደከመ ድረስ ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ የበኩር ልጅም፣ ከውጭ ብር የሚልከው ወንድምም አይደለም።

«ሞርፊን ሱስ ያስይዛል»

ሞርፊን ብርቱ የህመም ማስታገሻ መድኃኒት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለከባድ የካንሰር ህመም ይመክረዋል። ሐኪም ባዘዘው መጠን ሲወሰድ ሱስ የሚሆንበት አጋጣሚ እምብዛም ነው። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። እኛ ፈርተን ሁለት ሳምንት በፓራሲታሞል አቆየናቸው፤ ሌሊት ሌሊት ትራሱን ይነክሱ ነበር።

«ካልበሉ በረሃብ ይሞታሉ»

መጨረሻው ሲቃረብ ሰውነት ምግብ መፈለጉን ይተዋል። በግድ የተሰጠ አጥሚት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። እናቴ በማንኪያ ስትሰጣቸው ሁለቴ ትን ካላቸው በኋላ፣ አንዲት ነርስ ጥጥ በውሃ ነክረን ከንፈራቸውን እንድናረጥብ አሳየችን። በዚያ በድሬ ሙቀት አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥጡን ይመጥጡት ነበር።