የላላ ፊትን በክር ማንሳት እንዴት ይሠራል?

የዚህ ሕክምና ማስታወቂያ «ያለ ቀዶ ሕክምና» ይላል። እውነት ነው፣ ቆዳ ተቆርጦ አይወጣም። መርፌ ግን አለ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ቦታውን ያደነዝዛል። ከዚያ ጆሮ አካባቢ፣ ፀጉር በሚጀምርበት መስመር ላይ፣ በትንሽ ቀዳዳ ክር የያዘ ረጅም መርፌ ከቆዳ ሥር ወደ ጉንጭ ይሰዳል። መርፌው ሲወጣ ክሩ እዚያው ይቀራል። ለማንሳት የሚውለው ክር ልሙጥ አይደለም፤ ጥቃቅን እሾህ አለው። እሾሁ ከውስጥ ነክሶ ሲይዝ ሐኪሙ ክሩን ወደ ላይ ሳብ ያደርግና ትርፉን ይቆርጠዋል።

ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ፒዲኦ የሚባለው ክር ነው፤ በቀዶ ሕክምና ለመስፊያነት የቆየ ነው። በ6 ወር ገደማ ሟሙቶ ያልቃል። ታዲያ ፊቱ ወዲያው ይወርዳል? አይ። ሰውነት ክሩን እንደ ባዕድ ስለሚያየው ዙሪያውን ኮላጅን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን፣ ይሠራል። ቢሆንም ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ዓመት ብዙም አይዘልም። «ዕድሜ ልክ» ካሏችሁ ጠርጥሩ።

በጣም ለተንጠለጠለ ቆዳ አይሆንም፤ ክር ትርፍ ቆዳ አያጠፋም። ቆዳ ጎድጎድ ሊል፣ የክር ጫፍ ብቅ ሊል፣ ኢንፌክሽንም ሊመጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጎን መተኛትና አፍን በሰፊው መክፈት አይመከርም። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ካለ ቀድሞ መጨረስ ነው።