በሰበብ መኪና ማስቆም፦ የአሜሪካ ሕግ ምን ይላል?

በአሜሪካ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም አፉ ላይ ያለው ምክንያትና በልቡ የያዘው ጉዳይ ሁልጊዜ አይገጥሙም። «ፍሬቻ አላሳየህም» ይላል፤ የሚፈልገው ግን ዕፅ ወይም መሣሪያ ነው። በሰበብ ማስቆም የሚባለው ይህ ነው። የሚቆመው ሰው በመልኩ ሲመረጥ ደግሞ በቆዳ ቀለም መጠርጠር ይሆናል። ለእኛ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ታክሲና ኡበር እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወገን ብዙ ነው።

በ1979 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ፣ መንጃ ፈቃድ ለማየት ብቻ በመንገድ ላይ ያገኘውን መኪና ሁሉ እንዳሻው ማስቆም አይችልም ብሎ ነበር።

ዋናው ፍርድ ግን የ1996ቱ «ሬን» የሚባለው መዝገብ ነው። ነገሩ የተፈጸመው እዚሁ ዲሲ፣ በሰኔ 1993 ነው። ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ምልክት በሌለው መኪና ሲዘዋወሩ ጊዜያዊ ታርጋ የለጠፈች ፓዝፋይንደር መኪና አዩ። ውስጧ ወጣት ጥቁሮች ነበሩ። መኪናዋ ስቶፕ ምልክት ላይ ከ20 ሰከንድ በላይ ቆመች። ፖሊሶቹ ሲዞሩባት ፍሬቻ ሳታሳይ ታጥፋ ፈጠነች። ሲደርሱባት በተሳፋሪው እጅ ላይ ኮኬይን አዩ። የከተማዋ ፖሊስ የራሱ ደንብ ሲቪል የለበሱ አባላት፣ አጣዳፊ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ ለትራፊክ ጥፋት መኪና እንዳያስቆሙ ይከለክል ነበር። ተከሳሾቹም «ትራፊኩ ሰበብ ነው» ብለው ተከራከሩ።

ዘጠኙም ዳኞች አልተቀበሏቸውም። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ስካሊያ ናቸው። የትራፊክ ጥፋት በርግጥ ከታየ፣ ያለ በቂ ምክንያት መያዝንና መፈተሽን በሚከለክለው በአራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ረገድ የፖሊሱ የልብ ሐሳብ አይጠየቅም። በዘር የተነሣ አድልዎ አለ የሚል ሰው መከራከሪያው የእኩልነት ጥበቃው አንቀጽ ነው። በሩ አለ፤ ግን በጣም ጠባብ ነው። አድልዎው ሆን ተብሎ መደረጉን ማስረዳት ግድ ነው። ትንሽ የትራፊክ ጥፋት እንኳ ሳያጠፋ አንድ ሰዓት የሚነዳ ሹፌር ደግሞ ማን አለ?

የአድልዎ ማስረጃ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዷ ሜሪላንድ ናት። በ1992 ጠበቃው ሮበርት ዊልኪንስ ከአያታቸው ቀብር ከቺካጎ ሲመለሱ፣ የክልሉ ፖሊስ ቤተሰቡን አስቁሞ አነፍናፊ ውሻ እስኪመጣ አቆያቸው። ምንም አልተገኘም። እሳቸው ከሰሱ፤ በ1995 በስምምነት አለቀ። ፖሊስም ፍተሻዎቹን እንዲመዘግብ ተገደደ። መዝገቡ ሲታይ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ከተፈተሹት ሹፌሮች ከ70 በመቶ በላይ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከመንገዱ ተጠቃሚ ግን ወደ 17 በመቶ ብቻ። ፖሊሶች በዚህ መንገድ ብዙ መሣሪያ እንይዛለን ይላሉ፤ ይህም ቢሆን ቁጥሮቹን አያስተባብልም። ዊልኪንስ ዛሬ የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው።

በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የትኬቱ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ያለ በቂ ጥርጣሬ ውሻ ለማምጣት ሰውን ማቆየት ክልክል ነው አለ። የዋሽንግተን ስቴት ፍርድ ቤት ደግሞ አስቀድሞ በ1999፣ በራሱ ሕገ መንግሥት ተመርኩዞ በሰበብ ማስቆምን ከልክሏል።

ቨርጂኒያ ግን በሕግ አውጪዋ በኩል ሄደች፤ በዚህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ሠርታለች። በ2020 የወጣውና ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ፖሊስ በአንዳንድ ጥቃቅን ጥፋቶች ምክንያት ብቻ መኪና እንዳያስቆም አገደ። የጠቆረ መስታወት፣ የማሪዋና ሽታ፣ ከውስጥ መስታወት ላይ የተንጠለጠለ ነገር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። መስቀል ወይም ባንዲራ የሚያንጠለጥል የእኛ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ልብ ይበል። ሕጉን ጥሶ ያስቆመ ፖሊስ ያገኘው ማስረጃ፣ ሹፌሩ «ፈትሽ» ብሎ ቢፈቅድ እንኳ፣ ፍርድ ቤት አይቀርብም። ይህ ጥበቃ የቨርጂኒያ ነው። ከቨርጂኒያዋ ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ ድልድዩን ተሻግሮ ከግዛቷ የወጣ ሹፌር ይዞት አይሄድም።