ስለ ፓርላማ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

በዜና ደጋግመን የምናያት ትዕይንት አለች። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ በአንድ ወገን የምክር ቤት አባላት፣ በሌላው ወገን የውጭ እንግዶች። ከሥር «የሁለቱን አገሮች ግንኙነት ለማጠናከር ተወያዩ» የሚል ጽሑፍ ያልፋል። በቃ። ለብዙዎቻችን የውጭ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ማለት ይቺው ናት። ስለ ኮሚቴው የምናወራውም ከዚህችው ምስል ተነስተን ስለሆነ ወይ እናጋንነዋለን ወይ እናሳንሰዋለን። የተለመዱትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የአገርን የውጭ ፖሊሲ የሚቀርጸው ኮሚቴው ነው»

አይደለም። በአብዛኞቹ አገሮች ፖሊሲውን የሚነድፈውም፣ የሚደራደረውም አስፈጻሚው አካል ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የውጭ ፖሊሲ የመንደፉን ሥልጣን በአንቀጽ 77 ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ይሰጣል። በአንቀጽ 55 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስምምነቶችን ያጸድቃል፣ ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል። ኮሚቴው የዚህ ሁለተኛው ሥራ መሣሪያ ነው። መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ኮሚቴው «ወዴት እየሄድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ነው።

«እንግዲያው ጥርስ የለውም፣ ወሬ ብቻ ነው»

ይቺኛዋ ትንሽ ታከራክራለች። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጥፋቱ ግን የኮሚቴው ብቻ ሳይሆን የጥያቄዎቹም ነው። አንድ አባል «ከጎረቤት አገሮች ጋር ያለንን ግንኙነት ለማጠናከር ምን እየተሠራ ነው?» ብሎ ከጠየቀ መልሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «በትኩረት እየሠራን ነው።» ጥያቄው «ባለፈው ዓመት እንፈርማለን ካላችሁት ስምምነት ስንቱ ተፈረመ? የቀረው ለምን ቀረ? እስከ መቼ ያልቃል?» ከሆነ ግን ሚኒስትሩ ወደ ጎን ዞር ብለው ከአማካሪያቸው ወረቀት ይቀበላሉ። መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። በሚቀጥለው ዓመት ይዞት የሚመጣ አባል ከተገኘ፣ ጥርሱ ያ ነው።

አሜሪካን እንይ። በነሐሴ 1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በቬትናም ኃይል እንዲጠቀሙ ሰፊ ፈቃድ የሰጠው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ በሴኔቱ 88 ለ 2 አለፈ። እንዲያልፍ የተሟገቱለት የውጭ ግንኙነት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ዊልያም ፉልብራይት ነበሩ። በ1966 እኚሁ ሰውዬ የመንግሥትን ባለሥልጣናት ካሜራ ፊት አስቀምጠው ስለ ጦርነቱ ይጠይቁ ጀመር። ሕዝቡም በየቤቱ ቁጭ ብሎ አየ። ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ የዲፕሎማቱን የጆርጅ ኬናንን ቃል ከማስተላለፍ ይልቅ የቆየ ኮሜዲ በድጋሚ ማሳየት ሲመርጥ፣ የዜና ክፍሉ ኃላፊ ተናደው ሥራቸውን ለቀቁ። ጦርነቱ በማግስቱ አልቆመም። ነገር ግን ጦርነቱን መቃወም የጥቂት ወጣቶች ጩኸት ብቻ ነው ማለት ከዚያ በኋላ ከባድ ሆነ።

አንዳንዴ ደግሞ ኮሚቴው የሚደርሰው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። የብሪታንያ ፓርላማ በመጋቢት 2011 የሊቢያውን ዘመቻ 557 ለ 13 በሆነ ድምፅ ደገፈ። የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ዘመቻው በተሳሳተ ግምት ላይ የቆመ ነበር ብሎ ሪፖርት ያወጣው በመስከረም 2016 ነው። ዘመቻውን የመሩት ዴቪድ ካሜሮን ቀርበው ቃላቸውን እንዲሰጡ ተጋብዘው አልመጡም። የኮሚቴ አቅም የት ላይ እንደሚያልቅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም።

«ሚኒስትሩ ከፈረሙ ስምምነቱ አለቀ»

ይሄ ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ስህተት ይመስለኛል። ጥፋቱ የፎቶው ነው። ሁለት ሰዎች ፈርመው፣ ደብተር ተለዋውጠው፣ ሲጨባበጡ ስናይ ነገሩ የተቋጨ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ፊርማ «ተስማምተናል፣ አገር ቤት ወስደን እናስጸድቀዋለን» ማለት ነው። አገርን የሚያስረው ማጽደቁ ነው።

የናይል ተፋሰስ አገሮችን የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ውሰዱ። ኢትዮጵያ ከሌሎች የላይኛው ተፋሰስ አገሮች ጋር በግንቦት 2010 እንቴቤ ላይ ፈረመች። ፓርላማዋ ያጸደቀው በሰኔ 2013 ነው። ስምምነቱ ሥራ ላይ እንዲውል ስድስት አገሮች ማጽደቅ ስለነበረባቸው፣ ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆና እስክትመጣ ተጠበቀ። ተፈጻሚ የሆነው በጥቅምት 2024 ነው። ከፊርማው እስከዚያ ከ14 ዓመት በላይ!

ተፈርሞ ጭራሽ የማይጸድቅም አለ። ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ራሳቸው ፓሪስ ሄደው የተደራደሩበትን፣ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የቋጨውን የቬርሳይ ስምምነት በ1919 ወደ ሴኔቱ ይዘው መጡ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሄንሪ ካቦት ሎጅ ደግሞ ነገሩን ማጓተት ፈልገዋል። ምን አደረጉ? ስምምነቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። ሁለት ሳምንት ፈጀ። አዳራሹ ባዶ ሲቀርም ማንበባቸውን አላቆሙም። በመጨረሻ፣ በመጋቢት 1920፣ ስምምነቱ 49 ለ 35 ድምፅ አግኝቶ ወደቀ። አብላጫ አግኝቶ እንዴት ይወድቃል? በአሜሪካ ሕግ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል፤ ሰባት ድምፅ ጎደለው። የመንግሥታቱን ማኅበር ያቋቋመው ይኸው ስምምነት ስለነበር አሜሪካም የማኅበሩ አባል ሳትሆን ቀረች።

ሁሉም አገር ግን እንዲህ አይደለም። በብሪታንያ በ2010 ሕግ መሠረት ስምምነቱ ፓርላማው ስብሰባ ለሚያደርግባቸው 21 ቀናት ፊቱ ይቀመጣል፤ ተቃውሞ ካልተነሳ ድምፅ መስጠት ሳያስፈልግ መንግሥት ማጽደቅ ይችላል። ስለዚህ «ፓርላማ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መዝለል ያሳስታል።

«ኮሚቴው ያልወደደውን አንቀጽ ይሰርዛል»

የአገር ውስጥ ረቂቅ አዋጅ ቢሆን አዎ። የብዙ አገር ስምምነት ግን ጽሑፉ የሁሉም ስለሆነ አንዱ ፓርላማ ብቻውን ቃል ሊለውጥ አይችልም። ወይ ይቀበላል፣ ወይ አይቀበልም፣ ወይም ስምምነቱ የሚፈቅድ ከሆነ «ይህኛው አንቀጽ እኔን አያስረኝም» ብሎ ተአቅቦ ያስመዘግባል።

«ሁሉም ነገር በዝግ ነው»

የደኅንነት ጉዳይ ሲሆን በር ይዘጋል፣ መዘጋቱም ልክ ነው። የቀረው በብዙ አገር ክፍት ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ችግሩ የሚያየው ሰው ማጣቱ ነው።

«የውጭ ጉዞው ሽርሽር ነው»

አንዳንዱ ነው፣ መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን መንግሥታት ሲኮራረፉ እንደራሴዎች መነጋገር የሚችሉበት በር አንዳንዴ ይሄው ብቻ ነው። የዓለም ፓርላማዎች ኅብረት በ1889 ሲመሠረት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አልነበረም፤ የመንግሥታቱ ማኅበርም አልነበረም። ሽርሽሩን ከሥራው ለመለየት ቀላሉ መንገድ ሪፖርቱን መጠየቅ ነው። ማንን አገኙ? ምን ተባለ? ምን ተከተለ?

«ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው ባለሥልጣንና ምሁር ብቻ ነው፣ እኛን አይመለከትም»

ኮሚቴው ፊት ከሚመጡት ወረቀቶች ውስጥ ውጭ ሄዶ ስለሚሠራ ሰው ደመወዝ፣ ሁለት አገር ላይ ግብር ስለሚጠየቅ ነጋዴ፣ ስለ አዲስ የበረራ መስመር የሚያወሩ ስምምነቶች አሉ። ከዚህ በላይ ምን ይመልከተን?

ምስክርነቱም ቢሆን የሹሞች ብቻ አይደለም። በብሪታንያ ኮሚቴው ጥሪ ሲያወጣ ማንም ሰው አስተያየቱን ጽፎ መላክ ይችላል። በአሜሪካ ደግሞ በሚያዝያ 1971 አንድ ከቬትናም የተመለሰ የ27 ዓመት ወጣት የወታደር ሸሚዙን እንደለበሰ ፉልብራይት በሚመሩት ኮሚቴ ፊት ተቀምጦ ጦርነቱን አወገዘ። ስሙ ጆን ኬሪ ነበር። ኋላ ሴናተር ሆኖ የዚያው ኮሚቴ አባል ሆነ። በ2009 የተቀመጠው ደግሞ በሊቀ መንበሩ ወንበር ላይ ነው።