ሽፋሽፍት የሚያሳድገው የግላኮማ ጠብታ

ግላኮማ የዕይታ ነርቭን ቀስ በቀስ የሚገድል የዓይን በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ዓይን አያቀላም፣ አያሳክክም። መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር ዳሩ ዕይታ ስለሆነ በሽተኛው ልብ ሳይለው ዓመታት ያልፋሉ። አንዴ የጠፋ ዕይታ ደግሞ አይመለስም። ሐኪሙ የሚችለው የዓይንን የውስጥ ግፊት ዝቅ አድርጎ የቀረውን ማትረፍ ነው። ለዚህ በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ግንባር ቀደሞቹ የፕሮስታግላንዲን ጠብታዎች ናቸው። እነዚሁ ጠብታዎች ታዲያ ማንም ሳያዛቸው ፀጉር ያሳድጋሉ።

ፕሮስታግላንዲን ሰውነታችን ከቅባት የሚሠራው ኬሚካል ነው። ስሙን ያገኘው በስህተት ነው ማለት ይቻላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር በወንድ የዘር ፈሳሽ ውስጥ ሲያገኘው ከፕሮስቴት ዕጢ የሚመነጭ መስሎት ነበር። ኋላ ላይ በመላ ሰውነት እንደሚገኝ ታወቀ። ሕመም፣ ትኩሳት፣ እብጠት፣ ምጥ፤ የማይገባበት የለም። አስፕሪን ራስ ምታት የሚያስታግሰውም የዚህን ኬሚካል መመረት ስለሚያግድ ነው።

የዓይን ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲፈሩት ኖረዋል። በብዛት ከገባ ዓይንን ያስቆጣል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሃንጋሪ ተወላጁ ላስሎ ቢቶ ግን የመጠን ጉዳይ ነው ብሎ ያዘ። በ1977 እሱና ባልደረቦቹ በጥንቸሎች ላይ ያደረጉት ሙከራ እውነትም ትንሽ ጠብታ ግፊትን እንደሚቀንስ አሳየ። ብዙዎች አላመኑም። (ቢቶ በኋላ ጡረታ ወጥቶ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆኗል።) ሐሳቡን ወደ መድኃኒትነት የለወጠው በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ የነበረው የፋርማሲያ ኩባንያ የምርምር ቡድን ነው። ላታኖፕሮስት የተባለው ይህ ጠብታ በ1996 በአሜሪካ ተፈቀደ። ትራቮፕሮስትና ቢማቶፕሮስት በ2001 ተከተሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ ውሃ ይመረታል፣ ያለማቋረጥም ይወጣል። መውጫው ሁለት ነው፤ አንዱ ዋናው ወንፊት፣ ሌላው በውስጠኛው ጡንቻ ክሮች መካከል የሚያሾልክ ጠባብ መንገድ። እንደ ቲሞሎል ያሉት ቀደምት ጠብታዎች የሚመረተውን ውሃ ይቀንሳሉ። ፕሮስታግላንዲን በዋናነት ሁለተኛውን መንገድ ያሰፋል፤ በጡንቻው ክሮች መካከል ያለውን ማያያዣ ያላላዋል። ማታ ማታ አንድ ጠብታ ብቻ ግፊቱን ከሩብ እስከ ሲሶ ያወርዳል።

ግፊት መውረዱ አንድ ነገር ነው፤ ዕይታ መትረፉ ሌላ። ይህንን የፈተነው በ2015 የታተመው የብሪታኒያ ጥናት ነው። 516 ሕመምተኞች ላታኖፕሮስት ወይም መድኃኒት የሌለው ጠብታ ተሰጣቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ዕይታቸው የባሰባቸው ላታኖፕሮስት ከወሰዱት 15.2 በመቶ፣ ባዶውን ከወሰዱት 25.6 በመቶ ነበሩ። ችግሩ ሰው ጠብታ ይረሳል። የማያም በሽታ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በ2020 ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ቢማቶፕሮስት ቀስ እያለ የሚለቅ ቅንጣት የተፈቀደው ለዚሁ ነው።

ጠብታው ያለ ጣጣ አልመጣም። ዓይን ያቀላል። ባለቀለሙን የዓይን ክፍል ያጠቁራል፤ ይህ ለውጥ አይመለስም። በዓይን ዙሪያ ያለው ስብ ቀንሶ ዓይን ጎድጎድ ሊል ይችላል። ሽፋሽፍትም አለ። በ1997 የታተመ አንድ ጥናት በአንድ ዓይናቸው ብቻ ጠብታውን የሚጠቀሙ ሰዎችን ተመለከተ። ማነጻጸሪያው እዚያው ፊታቸው ላይ ነበር። የታከመው ዓይን ሽፋሽፍት ረዝሟል፣ ወፍሯል፣ ጠቁሯል።

ጉዳቱ ገበያ ሆነ። በ2008 ቢማቶፕሮስት ላቲስ በሚል ስም ለሳሳ ሽፋሽፍት ተፈቀደ። 278 ሰዎች በተሳተፉበት የ16 ሳምንት ሙከራ፣ መድኃኒቱን ከተቀቡት 78 በመቶው፣ ባዶውን ከተቀቡት 18 በመቶው ለውጥ አሳዩ። መድኃኒቱ ፀጉሩ የሚያድግበትን ጊዜ ያራዝማል እንጂ ጠባዩን አይለውጥም። ሲያቆሙት ሽፋሽፍቱ ወደነበረበት ይመለሳል።

ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነው፤ መላጣስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የራስ ቆዳ ወፍራም ነው፤ የወንዶች መላጣነት ደግሞ የሆርሞን ጣጣ አለበት። በ2012 በበርሊን 16 ወንዶች ላይ በተደረገ የ24 ሳምንት ሙከራ 0.1 በመቶ ላታኖፕሮስት የፀጉሩን ብዛት ጨምሯል። ደስ ይላል፤ ግን 16 ሰው ነው። የመድኃኒቱም ብርታት የዓይን ጠብታው 20 እጥፍ ነው። ስለዚህ 2.5 ሚሊ ሊትር የምትይዘዋን የዓይን ጠብታ ብልቃጥ አናት ላይ ማፍሰስ ከዚያ ሙከራ ጋር አይገናኝም። ለራስ ፀጉር የተፈቀደ የፕሮስታግላንዲን ቅባት እስካሁን የለም።

በዚያው ዓመት ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ዜና መጣ። በመላጣ ቆዳ ውስጥ ዲ2 የተባለው የፕሮስታግላንዲን ዓይነት በዝቶ ተገኘ፤ እሱ ደግሞ የፀጉር ዕድገትን ይገታል። አንዱ ወንድም ያበቅላል፣ ሌላው ያደርቃል እንደማለት ነው። እንግዲያው ዲ2ን ብንዘጋው? ሴቲፒፕራንት የተባለው እንክብል ይህንኑ ያደርጋል። 169 ወንዶች ላይ ተሞከረ፤ በ2021 የታተመው ውጤት ግን ፀጉር እንዳላበቀለ አሳየ።

የሚገርመው የድሮው ሚኖክሲዲል ነው። እሱም የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ ሳለ ፀጉር በማብቀሉ ነው ወደ ራስ የተዛወረው። በ1990ዎቹ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ፕሮስታግላንዲን የሚሠራውን አንዱን ኤንዛይም እንደሚያነቃቃ ታየ። የሚፈለገው ነገር በከፊል መደርደሪያው ላይ ሳይኖር አልቀረም።