ዳማ በጅማ፦ ቆርኪ፣ ካርቶንና የግድ መብላት

ዳማ ሁለት ሰዎች 64 ካሬ ባለው ሰሌዳ ላይ እያንዳንዳቸው 12 ጠጠር ይዘው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ዳይስ አይወረወርም፣ የተደበቀ ካርታ የለም። ያለው ነገር ሁሉ ለሁለቱም ይታያል። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው የሚወቅሰው ራሱን ብቻ መሆን ነበረበት። ጅማ ውስጥ ግን አጠገቡ ቆሞ የመከረውንም ሳይወቅስ አይነሳም።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በዚህች የቡና ከተማ ዳማ አዳራሽ አይፈልግም። ተራ የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ጋራዥ ደጃፍ ሥራ የፈቱ ልጆች፣ ጥላ ስር የተቀመጡ ሊስትሮዎች ይጫወቱታል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ያሉትም አይጠሉትም። ጅማ ዝናብ አይጠፋባትም። ዝናብ ሲመጣ ሰሌዳው ከነቆርኪው ቀስ ተብሎ ተነስቶ በረንዳ ስር ይገባል። በመሃል አንድ ቆርኪ ከተንሸራተተ ግን ጭቅጭቁ ከዝናቡ ይረዝማል።

ጠጠሩ የለስላሳ ወይም የቢራ ቆርኪ ነው። አንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ ሌላው ገልብጦ ይደረድራል፤ በዚህ ይለያያሉ። ጅማ ከአንድ ግንድ በሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ የታወቀች፣ እንጨት የሚያውቁ እጆች ያሉባት ከተማ ናት። የዳማ ሰሌዳው ግን ብዙ ጊዜ በእስክሪብቶ የተሰመረ ካርቶን ነው። ተጫዋቹ በርጩማው ላይ፣ ጨዋታው ካርቶን ላይ!

ሕጉን ለመማር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ጠጠር በሰያፍ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ይሄዳል። ከፊቱ የባላጋራ ጠጠር ካለና ከዚያ ጠጠር ኋላ ያለው ካሬ ባዶ ከሆነ ዘሎ ይበላዋል። ካረፈበት ሌላ የሚበላ ካገኘ ይቀጥላል። መጨረሻው መስመር የደረሰ ይነግሣል፤ ሌላ ቆርኪ ይደረብበትና ወደ ኋላም መሄድ ይጀምራል። ጠጠሩ ያለቀበት ወይም መንቀሳቀሻ ያጣ ይሸነፋል።

የጨዋታው ነፍስ ያለችው አንድ ሕግ ላይ ነው፦ የሚበላ ካለ መብላት ግዴታ ነው። ቼዝ ላይ የቀረበልህን ትተህ ማለፍ ትችላለህ፤ ዳማ ላይ አትችልም። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች የባላጋራውን እጅ በግድ ያንቀሳቅሳል። አንድ ጠጠር ይሰጠዋል፣ ባላጋራው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ይበላል፣ ቦታውንም ይለቃል፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ይበላበታል። ጀማሪ የሚያየው የተበላውን ነው። የለመደ ሰው ዓይኑ የተለቀቀው ካሬ ላይ ነው። ሰው «ዳማ የቼዝ ታናሽ ወንድም ነው» ሲል አልስማማም። ለመጀመሪያው ሰው ያለው የመክፈቻ ምርጫ 7 ብቻ ነው፤ ቼዝ ላይ 20 ነው። ነገር ግን በዚህ ጠባብ በር ገብቶ መውጫው የሚጠፋበት ብዙ ነው።

ጥቂት ብልሃቶች በሁሉም ሰፈር ይታወቃሉ። ጠርዝ ላይ ያለ ጠጠር አይበላም፤ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ ጉልበቱ ያነሰ ነው። የራሱን የኋላ መስመር ቶሎ ባዶ ያደረገ ባላጋራውን በገዛ እጁ ያነግሣል።

ከመጀመር በፊት ሕግ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ዓለም ላይ ያለው ዳማ አንድ ዓይነት አይደለም። በእንግሊዞቹ ሕግ ንጉሥ አንድ አንድ እርምጃ ብቻ ይሄዳል። በሩሲያ ሕግ መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ የፈለገውን ያህል ይሄዳል፤ ተራ ጠጠርም ወደ ኋላ ይበላል። በጣሊያን ሕግ ተራ ጠጠር ንጉሥን መብላት አይችልም። ቱርኮቹ ጭራሽ በሰያፍ ትተው በቀጥታና ወደ ጎን ይሄዳሉ፤ ጠጠራቸውም 16 ነው። ዓለም አቀፉ ዳማ ደግሞ 100 ካሬና ለእያንዳንዱ 20 ጠጠር አለው። ይህን ሳይነጋገሩ የጀመሩ ሁለት ሰዎች፣ ንጉሥ በተነሳ ቁጥር ይጣላሉ።

ጥልቀቱን የለካው ኮምፒውተር ነው። በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ጆናታን ሼፈርና ባልደረቦቹ ቺኑክ የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 የዓለም ሻምፒዮኑ ማሪዮን ቲንስሊ ቺኑክን 4 ለ2 አሸነፈው፤ 33 ጨዋታ አቻ ወጣ። በ1994 ዳግም ሲገናኙ ከ6 አቻ በኋላ ቲንስሊ ታሞ ተወው። በ2007 ቡድኑ የእንግሊዞቹን ዳማ ጨርሶ መፍታቱን አሳወቀ። ሥራው የተጀመረው በ1989 ነበር። በሰሌዳው ላይ ሊፈጠሩ የሚችሉት አቀማመጦች ከ5 ቀጥሎ 20 ዜሮ የሚጻፍላቸው ናቸው። ውጤቱስ? ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ አቻ ነው። ባጃጅ ተራ ላይ ይህን ብትናገር ማንም አያምንህም፤ እዚያ ሳይሳሳት የሚጫወት የለምና።

ተመልካች በጅማ ዳማ ሦስተኛው ተጫዋች ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም ይመክራል፣ ይሳደባል፣ አንዳንዴ እጁን ሰዶ ቆርኪ ይነካል። ውርርዱ ብዙ ጊዜ ሻይ ወይም ማኪያቶ ነው። ተሸናፊ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል። ችግር የሚመጣው ሩቅ በሚሄደው ንጉሥ ሲጫወቱ ነው። አንድ ብቸኛ ንጉሥ ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ረጅም ሰያፍ ከያዘ ሦስት ነገሥታትም አይዙትም። በሩሲያ ሕግ 3 ንጉሥ ያለው ሰው በ15 እርምጃ ካልያዘው አቻ ይባላል። ጅማ ላይ ቆጣሪው ተረኛው ነው፤ ሲሰለቸው «በቃ አቻ ነው፣ ተነሱ» ይላል።