ኮሪዮካርሲኖማ ምንድን ነው?

ከወለደች ሁለት ወር ያለፋት ሴት ደሟ አልቆም ሲል፣ መንዝም ይሁን አንኮበር፣ መጀመሪያ የሚሰማው «ብርድ መትቷት ነው» የሚል ነው። የሦስት ወር መርፌ ከተወጋች ደግሞ «መርፌው ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መርፌው፣ በማህፀን የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ወይም ኢንፌክሽን ነው። በጣም አልፎ አልፎ ግን ኮሪዮካርሲኖማ የሚባል ካንሰር ይሆናል።

ይህ ካንሰር የሚነሳው ከእንግዴ ልጁ ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች ጤነኛ ሆነው ሳሉም የማህፀንን ግድግዳ ሰርስረው እናትየዋ ደም ሥር ድረስ ይገባሉ፤ ፅንሱ የሚመገበው በዚያ ነው። ወደ ካንሰር ሲለወጡም ይህን ችሎታቸውን አይረሱትም፤ ከደም ጋር ተጉዘው ከሁሉ በፊት ሳምባ፣ አንዳንዴም ጉበትና አንጎል ይደርሳሉ። ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ሞላር ከሚባለው፣ እንግዴ ልጁ እንደ ወይን ዘለላ ከሚያብጥበት እርግዝና በኋላ ነው። ቀሪው ውርጃን ወይም ጤናማ ወሊድን ይከተላል። ከጤናማ ወሊድ በኋላ የሚገጥመው ከ50,000 እናቶች አንዷን ገደማ ነው።

የአራስ ደም አብዛኛውን ጊዜ በ40 ቀን ገደማ፣ ወንድ ልጅ ክርስትና በሚነሳበት ሰሞን ያቆማል። የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ደርሶም እናትየዋ እየደማች ከሆነ መታየት አለባት። ሳል ከደም ጋር ከመጣ ቲቢ መጠርጠሩ ተገቢ ነው፤ አክታዋ ነጻ ከሆነ ግን ቅርብ ጊዜ መውለዷን የሚጠይቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የሚገርመው፣ ፍንጩ ያለው ጤና ጣቢያ በሚገኘው ተራ የሽንት እርግዝና ምርመራ ላይ ነው። ካንሰሩ ኤች ሲ ጂ የተባለውን የእርግዝና ሆርሞን ያመነጫል፤ ስለዚህ ሁለት መስመር ይወጣል። «እንደገና አርግዘሻል» ተብላ ከተመለሰች፣ ያመለጠው ነገር ትልቅ ነው። አልትራሳውንዱ ፅንስ ካላሳየ የሆርሞኑ መጠን በደም ይለካል፣ ደረቷም ራጅ ይነሳል። ብልት ውስጥ ጠቆር ያለ እብጠት ከታየ ለናሙና ብሎ መቁረጥ አደገኛ ነው፤ ደሙን ማቆም ይቸግራል።

ካንሰር ሲባል ቤተሰብ ለቅሶ ይጀምራል፤ እዚህ ላይ ግን መቸኮል ነው። በ1956 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሊ እና ኸርትዝ የተባሉ ሐኪሞች በሽተኞቹን ሜቶትሬክሴት በተባለ መድኃኒት ብቻ ካከሟቸው ወዲህ የሚድን በሽታ ሆኗል። በጊዜ ከተያዘ ሁሉም ለማለት ይቻላል ይድናሉ፤ ሳምባ ከደረሰ በኋላም አብዛኞቹ ይተርፋሉ፣ ማህፀንም ብዙ ጊዜ አይወጣም። ከባዱ፣ በእኔ ግምት፣ መንገዱ ነው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ፍለጋ አዲስ አበባ ለምትሄድ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንዝ ካለችው መሐል ሜዳ ለምትነሳ ደግሞ እጥፍ ያህል። ሕክምናውም በአንድ ጉዞ አያልቅም፣ በደሟ ያለው ሆርሞን በየጊዜው ይለካል።

ኬሞ ላይ እያለች ጡት አታጠባም። ከዳነች በኋላም ለአንድ ዓመት ያህል ማርገዝ የለባትም፤ አዲስ እርግዝና ያንኑ ሆርሞን ስለሚያመጣ በሽታው መመለስ አለመመለሱን መለየት ያስቸግራል።