«ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል»፦ ለማን የተነገረ ነው?

አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ብዙም ሳይርቅ፣ ቡና እያፈሉ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። እጃቸው ሥራ አይፈታም። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ጋቢ ይቋጩ ነበር። ሬዲዮው ከዳር አገር ስለተነሳ ቅሬታ ሲያወራ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የአቦሉን ሲኒ አስቀመጡና «ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል!» አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ትንሽ ቆይቼ ግን «የተስማማነው በምኑ ነው?» አልኩ ለራሴ።

በዚህ ከተማ ይህ አባባል የሚወጣው ጣት ወደ ዳር ተቀስሮ ነው። «አትገንጠሉ፣ ኋላ ሁላችንም እንጠፋለን» እንደ ማለት ይቆጠራል። አባባሉን ቃል በቃል ላየው ግን ዳሩን የሚወቅስ አንድም ፊደል የለበትም። «ዳር ሲፈታ» ነው የሚለው፤ «ዳር ራሱን ሲፈታ» አይልም። ፈቺው አልተጠራም። ስጋቱም የመሐሉ ስጋት ነው፤ ዳር መሆን የማይፈልገው መሐሉ ነውና።

የአባባሉ ጉልበት ያለው «ፈታ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ገመድ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሕልምና ቅኔ ይፈታል፣ ትጥቅ ይፈታል፣ ባልና ሚስትም ይፋታሉ። የቃል ትርጉምንም የትዳር መፍረስንም «ፍቺ» ብለን በአንድ ስም መጥራታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ስለ መገንጠል የሚያወራን አባባል ፍቺ መጻፍ ራሱ ቅኔ ይመስላል። የአገር ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። «አገሩ ተፈታ» ሲባል ሰዉ ተሰደደ፣ ምድጃው ቀዘቀዘ፣ እርሻው ጠፍ ሆነ ማለት ነው። «ጦሩ ተፈታ» ሲባልም ተሸንፎ ተበተነ ማለት ነው። አባባሉን የሚሰማ ጆሮ መተርተሩንም፣ ባዶ መቅረቱንም፣ መሸነፉንም አንድ ላይ ይሰማል።

መተርተሩ ከጨርቅ የመጣ ነው። እናትየው ሲቋጩ አየኋቸው፦ ከሸማው ጫፍ የተረፈውን ድር ለሁለት ይከፍላሉ፣ እያንዳንዱን በጣታቸው ያከርራሉ፣ መልሰው እርስ በርሱ ይጠመዝዙና ጫፉን ይቋጥራሉ። ባይቋጭስ? ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይተረተራላ፣ ልጄ። ዛሬ አንድ ክር ነው፤ ከሁለት አጠባ በኋላ ዳሩ ወደ ውስጥ ይገባል።»

«አጥብቆ ማክረር ነው እንግዲህ?»

«አጥብቀህ ካከረርከውማ በእጅህ ይበጠሳል» አሉና ሳቁብኝ።

የአባባሉ የቆየው ትዝታ አደባባዩ ላይ፣ ሐውልቱ ሥር አለ። የውጫሌ ውል በሚያዝያ 1881 ከተፈረመ በኋላ፣ ጣሊያን በ1882 ከመረብ ማዶ ያለውን ምድር ኤርትራ ብሎ ቅኝ ግዛቱ አደረገ። ዳር ተፈታ። ከ46 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ የጣሊያን ጦር ከዚያው ከተፈታው ዳር ተነስቶ መረብን ተሻገረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። አራት ኪሎ የምናልፍበት አደባባይ ስሙን ያገኘው ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 በዚያው ዕለት ተመልሰው ስለገቡ ነው። ይህን ታሪክ ይዞ አባባሉን የሚናገር ሰው ስለ ድንበር ጥበቃ ነው የሚያወራው፤ ልክም ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ግን ለመሐሉ አይመችም። ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ መሠረት በመስከረም 1945 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፤ የራሷ ምክር ቤት፣ ሰንደቅ ዓላማና የሥራ ቋንቋዎች ነበሯት። ከዚያ ክሩ እየከረረ ሄደ። ትግርኛና ዐረብኛ ቦታቸውን ለአማርኛ ለቀቁ፤ በ1951 ሰንደቅ ዓላማው ወረደ። ነሐሴ 26 ቀን 1953 የኤርትራን የትጥቅ ትግል የጀመረው የሐሚድ እድሪስ አዋቴ ጥይት ተተኮሰ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ አሥራ አራተኛዋ ጠቅላይ ግዛት ተባለች። በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 17፣ ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል ባለው አፍሪካ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። አንድነት እየተሰበከ ባለበት ከተማ አንድ ውል ከተቀደደ ገና ስድስት ወር ከጥቂት ቀናት ነበር። ጦርነቱ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። በሚያዝያ 1985 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 99 በላይ የሚሆነው መራጭ ነፃነትን መረጠ።

መሐል ዳር የሆነውም ያኔ ነው፤ እንደ ተረት ሳይሆን በመሬት ላይ። ዛላምበሳ በአዲግራትና በአሥመራ መካከል፣ መኪና የሚያርፍባት የመንገድ ከተማ ነበረች። ድንበር ሆነች። በግንቦት 1990 በተነሳው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በመድፍና በዶዘር ፈራረሰች። እናትየው እንዳሉት ዳሩ ወደ ውስጥ ገባ።

የገባርነት፣ የግብርና የመሬት ብሶት በትግራይ በ1935፣ በባሌ ከ1955 በኋላ ጦር ያስመዘዘ ነበር። ሁለቱም ከመሐል ሲታዩ «ሽፍትነት» ተባሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በበኩሉ ነገሩን በአንቀጽ 39 ጽፎታል፦ የብሔሩ፣ የብሔረሰቡ ወይም የሕዝቡ የሕግ አውጪ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የመገንጠል ጥያቄውን ከተቀበለ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል። በዚህ አንቀጽ ላይ ቡና ቤት ውስጥ የሚነሳውን ክርክር አልጀምረውም፤ በረካው ይቀዘቅዛል።

«መሐል» ራሱም አንድ ቦታ የረጋ ቃል አይደለም። በንጉሡ ሰፈር መካከል የሚያርፈው ጦር «መሐል ሰፋሪ» ይባል ነበር። በ1910 ያ ጦር ራሱ ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ ይነሱልን ብሎ አስነስቷል። ማኩረፍ የዳር ሰው ጠባይ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህን አስታውሰዋለሁ። ዛሬ መሐል ሰፋሪ የምንለው ደግሞ ወዲህም ወዲያም የማይልን፣ ጠቡን ዳር ቆሞ የሚያይን ሰው ነው። መሐሉ በቋንቋችን ውስጥ ሳይቀር ዳር ሆኗል።

በረካው ሲቀዳ አዛውንቱን ጠየቅኋቸው። በወጣትነታቸው አሥመራ ሠርተዋል።

«አባባ፣ ይህን አባባል አሥመራ ሳሉ ሰምተውት ያውቃሉ?»

ሲኒያቸውን ለእናትየው እያቀበሉ አዩኝ። «እዚያ ማን ይለዋል? የሰማሁት እዚህ ስመጣ ነው። አሥመራ ያለ ሰው ራሱን ዳር ብሎ ይጠራል እንዴ?»

እናትየው ሲኒውን ተቀበሉና የጋቢውን ሌላኛውን ጫፍ አነሡ።